ቁጭ የማይለው ወንበር ሠሪ

የትኛውም ሰፈር ብትሄዱ ቁጭ ማለት የማያውቅ አንድ ሰው አታጡም። ወንበር ስትሰጡት "ደህና ነኝ" ይላል፤ እሺ ካለም የሚቀመጠው ጫፉ ላይ ነው፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው። የኛ ሰፈሩ ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ሥራው ራሱ ወንበር መሥራት ነዋ! ክቡር ጋሽ ብድግ እንለዋለን። ሰው በበር ብቅ ካለ፣ ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፣ መላጊያውን ጥሎ ብድግ ነው። ኧረ ተቀመጥ ስትሉት መልሱ አንድ ነው፦ "ቁጭ ብዬ ሰው ልቀበል? ታምሜያለሁ እንዴ?"

እኔ ቁልፍ ሠሪ ነኝ፤ ሱቄ ከሱ ወርክሾፕ ፊት ለፊት ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፣ ግን እስከ ዛሬ እምቢ ያለኝ ቁልፍ የለም። አንዴ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ካዝና ተቆልፎባቸው ስንቱ ምሁር ቆሞ ሲያይ... እሱን ተዉት፣ ወደ ሰውዬው እንመለስ።

ሥራ ከጠፋበት ወራት ሆኖት፣ ሁለቱን ሠራተኞቹን ሊያሰናብት፣ ወርክሾፑንም ሊዘጋ ምንም አልቀረው። እንዲህ እያለ አንድ ትምህርት ቤት ለአዲሱ ቤተ መጻሕፍቱ ስልሳ ወንበር ሊያሠራ መሆኑ ተሰማ። ተጣርቶ ተጣርቶ እሱና አንድ ባለ መስታወት ፈርኒቸር ቤት ቀሩ። የኮሚቴው ሰዎች በየከተማው የተበተኑ ስለሆኑ በቪዲዮ እንሰብሰብ፣ አስር አስር ደቂቃ እንሰጣችኋለን አሉ። ጋሽ ብድግ ደግሞ በቪዲዮ አውርቶ አያውቅም።

ሌላ ከተማ ያለችው ነርስ ልጁ ልታስተምረው ተነሳች። የመጀመሪያው ቀን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሩብ ሰዓት አወራት። "አባዬ፣ ጆሮህን ነው የማየው" አለችው። በሁለተኛው ቀን ፊቱ ተገኘ፤ ግን ከተማው ሩቅ ነው ብሎ ስለሚጮህ እኔም ከሱቄ ሳልነቃነቅ አብሬ ተማርኩ። በሦስተኛው ቀን ተጣሉ። ሌላ ሰው ሲናገር ድምፅህን አጥፋ ትለዋለች፤ ሰው ሰላም ሲለኝ ድዳ ልሁን ወይ ይላታል። አላጠፋም አለ፣ አላጠፋም። ያን ሰሞን ከስልኩ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ስልኩ ሲመላለስ የወርክሾፑን ወለል በእግሩ ላገው።

ቀኑ ደረሰ። ስልኩን የኮላ ቆርቆሮ ላይ አስደገፍነው። እሱን ወንበሩ ላይ አስቀመጥነውና ማንም እንዳይገባ በሩን እኔ ያዝኩ፤ ሰው ከገባ ይነሳላ! የረሳነው፣ ሰው በስልኩም በኩል እንደሚገባ ነው።

ዳይሬክተሯ ብቅ አሉ። ብድግ! ስክሪኑ ላይ የቀረው ቀበቶውና ከኋላው ያለው ወንበር ነው። "ጋሼ ይቀመጡ፣ አልታዩንም" አሉት። ተቀመጠ። የልጆቻቸውን ጤና ጠይቆ ሳይጨርስ ገንዘብ ያዡ ገባ። ብድግ። የወላጆች ተወካይዋ ገባች። ብድግ። አንዱማ ኔትወርኩ እየተቆረጠበት ስንቴ ወጥቶ ስንቴ ገባ መሰላችሁ፤ በገባ ቁጥር ተነሳለት፣ በገባ ቁጥር የልጆቹን ጤና ጠየቀው። የልጆቹ ጤና በአስር ደቂቃ ውስጥ ምን ይሆናል? እኔ በሩ ላይ ሆኜ በምልክት ቁጭ በል ስል እጄ ዛለ።

ስለ እንጨት አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሰዓቱ አለቀ። ዳይሬክተሯ አመስግነው ሊዘጉ ሲሉ ፊቱ አመድ መሰለ። ሁለቱ ሠራተኞቹ ከጣውላው ጀርባ አንገታቸውን ደፉ።

ያኔ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ መነጽራሟ ሴትዮ፣ ድምፃቸውን ከፈቱ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ በተነሱ ቁጥር የምናየው ወንበር የማን ሥራ ነው?"

ዞር ብሎ እንደ እንግዳ አየው። "ይሄ? ይሄማ የኔው ነው። ሃያ ዓመት አልፎታል። ሚስማር የሚባል የለበትም።"

"አስራ አንዴ ተነሱ፣ አስራ አንዴ ተቀመጡ፤ ቆጥሬያለሁ" አሉ። "ማይክዎ ክፍት ስለሆነ ትንፋሽዎ ሳይቀር ይሰማናል። ወንበሩ ግን አንዴም ሲጢጥ አላለም። እኔ ያረጀሁት አንባቢ መሃል የወንበር ሲጢጥታ ስሰማ ነው።"

በማግስቱ ስልሳው ወንበር የሱ ሆነ። በሩን የያዝኩት እኔ መሆኔ ግን አይረሳ።

አሁን ሥራው ፋታ ስለማይሰጠው መንገድ ተሻግሮ መምጣቱን ትቶ በቪዲዮ ነው የሚደውልልኝ። ድሮ በቀን አስር ጊዜ እየመጣ ሲያቁነጠንጠኝ እማረር ነበር፤ ዘንድሮ ያቺ ስድስት እርምጃ መንገድ ሰፋችብኝ። ትናንት ቁልፍ እየሞረድኩ ሳለ ደወለ። ከፈትኩት። ያ ሰጋቱራ የለበሰ ፊት ድቅን ሲልብኝ ምን እንደነካኝ እንጃ።

"ቀበቶህን ነው የማየው" አለኝ። "ኧረ ቁጭ በል፣ አንተ ሰው።"

"ቁጭ ብዬ ሰው ልቀበል?" አልኩት። "ታምሜያለሁ እንዴ?"