የአያ ደምሌ ጭስ ማውጫ

በየሰፈሩ «ለዚህ ደግሞ ባለሙያ ይጠራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እናንተስ ሰፈር የለም? ሰዓታችሁን ይፈታና ሲገጥም ብሎን ከተረፈው «ድሮም ትርፍ ነበር» ይላል። የእኛ የደብረ ታቦሮቹ አያ ደምሌ ነበሩ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ከብርዱና ከስብሰባው የትኛው እንደሚብስ አይታወቅም ነበር። አያ ደምሌ ብርዱን ሊገላገሉ ከአሮጌ በርሜል የእንጨት ምድጃ ሠሩ። ከዚያም የጭሱን ቱቦ ለማስወጣት የጓዳቸውን ግድግዳ በድጅኖ ይበሱት ጀመር።

«አያ፣ መጀመሪያ በውጭ ዞረን ብናየውስ?» አልኋቸው፣ ቱቦውን ይዤ የማግዛቸው እኔ ጎረቤታቸው።

«ግድግዳው የእኔ፣ ውጭው የእግዜር! ምኑ ይታያል?»

ውጭው ግን የቀበሌው ነበር። ቱቦው ብቅ ያለው ልክ ከስብሰባ አዳራሹ መስኮት ሥር ነው።

እሳቱ ሲያያዝ አዳራሹ በሙሉ ያስል ጀመር። መፈክር ሊያሰማ እጁን ያነሳው ሁሉ በዚያው እጁ ዓይኑን እያሸ ተግተልትሎ ወጣ። ከጠዋት ጀምሮ አላልቅ ያለ ስብሰባ በአንድ ክምር እንጨት አለቀ!

ወዲያው የቀበሌው ሊቀ መንበር ዓይኑ በርበሬ መስሎ ከነጠመንጃው ገባ።

«ጓድ ደምሌ! አብዮቱን በጭስ ልታፍን ነው?»

በዚያ ዘመን በዚህች ቃል ስንቱ እንደታሰረ አውቃለሁና ከጋለው በርሜል ጀርባ ተሸጎጥሁ። አያ ደምሌም በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ምነው ባለሙያ በጠራሁ!» አሉ።

ሊቀ መንበሩ በሩን ዘጋ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«አያ ደምሌ፣ ማክሰኞ ከአውራጃ ካድሬ ይመጣል፤ ንግግሩ ማለቂያ የለውም። እባክዎ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ያዘጋጁልን።»