የጎረቤታችን ፎጣ

በደርግ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ሰው ያስፈራ ነበር። ስኳር እንኳ በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን በምናገኝበት ዘመን አንድ ሰው በራችሁን አንኳኩቶ፣ ፈገግ ብሎ ዕቃ ቢያቀብላችሁ «ምን ፈልጎ ነው?» አትሉም? እኛ ብለናል። እናንተም ትሉ ነበር፤ አትዋሹኝ።

ብስራተ ገብርኤል፣ ከምንኖርበት የቀበሌ ቤት አጥር ማዶ ያለውን ቪላ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ተከራየ። በነጋታው ሚስቱ ወደ እኛ ቤት መጣች። ከወገቧ እጥፍ ብላ እጅ ነሳችና በወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ፎጣ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ለልጄ ለትዕግሥትም በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ጨመረችላት። የጋራ ቋንቋ የለን፤ እሷ ጎንበስ፣ እኔም ጎንበስ፣ እንደዚያው ስንጎናበስ ቆይተን ተለያየን።

ትምህርቴን ሰባተኛ ላይ ባቆምም መጽሐፍ አይቼ አላልፍም። ፊደሉ የተበተነ ጭራሮ ይመስላል፤ ሥዕሉ ግን ይናገራል። እንደ ደንቡ ከግራ ጀመርኩ። አንዲት ሴት ልክ እንደ ጎረቤቴ አጎንብሳ ለሌላዋ ጥቅል ትሰጣለች። ሁለቱም ዓይናቸው የሲኒ ማስቀመጫ ያህላል፤ ማን ማን እንደሆነች አይለይም። ገለጥኩ። ቤተሰቡ አልጋና ቁምሳጥን ተሸክሞ በቤትና በጭነት መኪና መካከል ይራወጣል። ገለጥኩ። መኪናው ላይ የተጫነ ሕፃን ያለቅሳል።

ክው አልኩ። ለካ ፎጣው «ቤቱን ልቀቁ» ማለት ነው!

ማታ ባለቤቴ ግርማ ሲገባ አሳየሁት። እሱም ከግራ ጀምሮ ጨረሰና ፊቱ ጠቆረ።

«ቪላው ጠቧቸው ይሆናል» አለ።

«እንግዲያው ቀበሌ ሄደህ ጠይቅ።»

«ምን ብዬ? ፎጣ ተሰጠኝ ብዬ ልክሰስ?»

ከዚያ ወዲያ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይዘላል። ፎጣውን የነካ የለም።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴ ብቅ አለች። ትዕግሥት መጽሐፉን ስታገላብጥ አይታ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። አጠገቧ ተቀመጠችና መጽሐፉን ገልብጣ፣ እኛ መጨረሻ ካልነው ገጽ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በጣቷ እየመራች አሳየችን። ሕፃኑ የድሮ ሰፈሩን ትቶ እያለቀሰ ይመጣል። ዕቃው ከመኪና ወርዶ ቤት ይገባል። ከዚያ እናትየው በየጎረቤቱ በር አጎንብሳ ጥቅል ታድላለች። ጎረቤቴ ወደ ራሷ ጠቆመች፤ ወደ ቪላው፤ ከዚያ ወደ እኔ።

አዲስ ገቢ ነኝ፣ እንዋወቅ ማለቷ ነበር!

እፎይ ያልኩት እፎይታ ላፍቶ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አፈርኩም። እንግዳ ጎረቤት ሲመጣ እኛ ነበርን ቀድመን «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለት የሚገባን። ድፎ ዳቦ ጋግሬ በሳህን ወሰድኩላት። ሳህኑ በማግስቱ ብስኩት ሞልቶ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ለጎረቤት ስጦታ ምላሽ ሳልሰጥ መቅረት አላውቅምና ያንኑ ሳህን ቆሎ ሞልቼ ላኩላት። በብርቱካን መጣ። በአምባሻ ሄደ።

«ይኼ ነገር መቼ ነው የሚያበቃው?» አለ ግርማ።

«እሷ ባዶውን የመለሰች ቀን!»

እሷም ለባሏ ይህንኑ ሳትለው አትቀርም።