የሲፈን ፊት

ስልክ የያዘ ሰው አርፎ መቀመጥ አይችልም። እኔን ጨምሮ ማለቴ ነው። ከሱሉልታ በሚኒባስ ተሳፍረን እንጦጦን ስንወጣ እንኳ መስኮት የሚያይ የለም፤ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ጣታችንን እናሯሩጣለን፤ ረዳቱ ሲጣራ የሚሰማው የለም። የዚህ ዕረፍት ማጣት ጉዳቱ በእኛ ብቻ ቢቀር እኮ ምንም አልነበረ።

የልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለው። የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ ፎቶ ይነሳና እዚያ ይለጠፋል፤ ስሙም «ክትትል» ነው። የሦስተኛ ክፍሏ ሲፈን አንድ ቀን እንዲሁ ፎቶ ስትነሳ አለቀሰች፤ አፏ ተከፍቶ፣ ንፍጧ ወርዶ፣ አንድ ዓይኗ ተጨፍኖ። ሥራ የፈታ አንድ አባት ፊቷን ቆርጦ ስቲከር አደረገው። ከዚያ ወዲያ ምን ልበላችሁ፤ ውሃ ሲጠፋ የሲፈን ፊት፣ መብራት ሲሄድ የሲፈን ፊት። ወላጅ ሁሉ ምሬቱን በእሷ እንባ መግለጽ ለመደ።

ልጆች ደግሞ የእናታቸውን ስልክ ሳይነካኩ አይውሉም። ክፍል ውስጥ «ስቲከር» እያሉ ይጠሯት፣ አፋቸውን ከፍተው ለቅሶዋን ያስመስሉ ጀመር። ሲፈንም ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። የሚያሳድጓት አያቷ ኦቦ ገመቹ ጎረቤቴ ናቸው፤ አርሶ አደር ናቸው፤ ስልካቸው ከመደወል በቀር ሌላ አመል የለውም። ሆዷን አሟት ይሆናል ብለው ጠበል ሊወስዷት ሲነሱ አላስችል አለኝና ስቲከሩን አሳየኋቸው። ትክ ብለው አዩት።

«ይቺ እኮ እያለቀሰች ነው» አሉኝ። «ምኑ ነው የሚያስቀው?»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ነገሩን ልነግር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ።

ትምህርት ቤቱ መቼም ነገሩን አልናቀውም። ቅዳሜ ወላጅ በተገኘበት ለልጆቹ ትምህርት ተሰጠ። መምህርቷ ጎበዝ ናት፤ በስልክ የተሰደበ ልጅ ቤቱ ገብቶ በር ቢዘጋም ስድቡ አብሮት እንደሚገባ አስረዳች፤ የሰው ፎቶ ሳታስፈቅዱ አትላኩ፣ ቢላክላችሁም አታስተላልፉ፣ ከተጎዳው ልጅ አጠገብ ተቀመጡ አለች። ልጆቹ እየተነሱ ሲፈንን ይቅርታ ጠየቁ። አንዷማ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ሲፈን ከአያቷ ጋቢ ሥር ብቅ ብላ ፈገግ ስትል እናቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። ስብሰባ ላይ እግሬን ሳላወዛውዝ መቀመጥ የማልችለው እኔ እንኳ ረጋ አልኩ።

ቤቴ ሳልደርስ ግሩፑ ተንጫጫ፤ ምስጋና በምስጋና ሆነ። አንዲት እናት «ልቤ ተነካ፣ አስለቀሳችሁኝ» ብላ ጻፈችና፣ ማልቀሷን ለማሳየት ከሥሩ ስቲከር ላከች። የሲፈንን ፊት። ርዕሰ መምህሩም ያንኑ ደገሙት፤ ሌሎችም ተከተሉ። አንዳቸውም ክፋት አስበው ያደረጉት አይመስለኝም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። «ኧረ ጎበዝ፣ ይቺ እኮ ራሷ ልጅቷ ናት» ብዬ ጻፍኩ። መልስ መጣልኝ፤ የሲፈን ፊት።

ሰኞ ጠዋት ኦቦ ገመቹ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሲፈን ዩኒፎርሟን ለብሳ እጃቸውን ይዛለች። «አካም ቡልቴ» ብለው ሰላምታ ሰጡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ነገሩን የምታውቀው አንተ ነህ። አሁን ትምህርት ቤት ልመልሳት?»

«ልጆቹስ ገብቷቸዋል፣ ኦቦ» አልኩ።

«ታዲያ ሌላ ማን ቀረ?» አሉኝ።