ከፋይ የለበሰችው ጉንዳን

ሌላውን ጨርቅ ዓይን አይቶ ይጠግበዋል፤ ከፋይን ግን እጅ ካልዳሰሰው አያምንም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በጥምቀት ቀን ካህኑ የከፋይ ካባ ደርበው ሲያልፉ ጫፉን ነካ ሳታደርግ የምትቀር ሴት የለችም። ለበረከት ነው ትላለች። በረከቱስ አይታጣም፤ ልስላሴውን ግን ማንም አያነሣውም። እኔም ብሆን ነካክቻለሁ። ሰው ነኛ!

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ጎንደር አስተማሪ ሆኜ አያ ፈንታ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አያ ፈንታ የካህናት ካባ ሰፊ ናቸው። የከፋይ ቁራጭ፣ ጥፍር ብታክልም፣ መሬት ወድቃ አይተው የማያልፉ ሰው።

አንድ ሐሙስ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የቤተ እስራኤል መንደር ጋን ሊገዙ ወረዱ። ሸክላ ሠሪዋ እመት ትርንጎ ይባላሉ። አያ ፈንታ ጋኑን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና «ድምፁ የተሰነጠቀ ነው» አሉ። «የተሰነጠቀስ ያንተ ጆሮ ነው፣ አያ ፈንታ» አሉ እመት ትርንጎ። ተኮራርፈው ተለያዩ።

ሲመለሱ፣ ወንዙን ሊሻገሩ ሲሉ፣ ፀሐይ የመታው አሸዋ ላይ አንዲት ቀይ የከፋይ ቁራጭ ያያሉ። ቁራጯ ትንቀሳቀሳለች። ነፋስ የሚገፋት መሰላቸውና ጎንበስ ብለው በሁለት ጣት አነሷት። «መጀመሪያ ሲጥ ያለችው እሷ ናት፤ ቀጥዬ እኔ ጮኽሁ» ይሉ ነበር ኋላ ሲያወሩት።

ቤት ሲደርሱ እጃቸው እስከ ክርን አብጧል። ቀድመው የደረሱት ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘውዴ፣ ነገሩን ሳይሰሙ ፈረዱ፦ «ትርንጎ ናት የበላችው! ዛሬ ከማን ቤት ነው የመጣ?» አያ ፈንታ ስለ ከፋይቱ ሊያስረዱ ቢሞክሩ «አያችሁ! ቡዳው ያስለፈልፈዋል» ተባለ። ዝም ቢሉም «አንደበቱን ዘጋችው» መባላቸው አይቀርም ነበር። አይ በሽተኛ መሆን! የሰፈሩ ጎረምሶች ዱላቸውን አንሥተው «ጎትተን እናምጣትና እንትፍ ትበልበት» ማለት ጀመሩ።

እኔ ጀግና አይደለሁም። ግን የምትሄድ ከፋይ የሚሉት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። «እስከ ነገ ማታ ታገሡኝ፤ የነደፈቻቸውን ይዤ ካልመጣሁ ያን ጊዜ ያሻችሁን» አልሁ። እያጉረመረሙ እሺ አሉ።

በማግሥቱ ማለዳ እመት ትርንጎን ጭቃ ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። የሆነውን ስነግራቸው መቆፈሪያቸው ከእጃቸው ወደቀ። በእንዲህ ያለ ወሬ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ያውቃሉ።

«እኔን ሦስት ጊዜ ነድፋኛለች» አሉ መቆፈሪያቸውን እያነሡ። «ቡዳ ከሆንሁ፣ ምነው ልጄ፣ ራሴን ነው የበላሁ?»

«የት ነው የምትገኝ?» አልኋቸው።

እንደ ሕጋቸው ከወገናቸው ውጭ የሆነ ሰው እንዳይነካቸው በትር ያህል ርቀው ቀደሙኝ። ያደረሱኝ ሣር ያልበቀለበት፣ የጧት ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ገደል ሥር ነው። አፈሩ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ በየቀዳዳው ለየብቻቸው የሚኖሩ የምድር ንቦች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። «ሣር ካለበት አትፈልጋት፤ ጥላም አትወድም» አሉ። «ንብ የቆፈረው ባለበት፣ አሸዋው ሲሞቅ ትመጣለች።»

ተቀምጠን ጠበቅን። መጣች፤ ክንፍ የሌላት ጉንዳን መሳይ! ጉንዳን በሰልፍ ይሄዳል፤ ይቺ ግን ብቻዋን፣ ዕቃ እንደጠፋው ሰው አፈሩን እየዳበሰች ትሮጣለች። ደረቷ ቀይ፣ ኋላዋ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት፣ ሁለመናዋ ጠጉር። አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ገባች።

«የሰው ቤት ገብታ ነው የምትወልድ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጭቃ ሲቆፍሩ የንብ ልጅ በሚተኛበት ጎጆ የእሷን ልጅ ያገኛሉ። ይህን ሁሉ ሲያውቁ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ስትወጣ ጠርሙስ ደፋሁባት።

ትምህርት ቤት ያለው ሕንዳዊ የሳይንስ አስተማሪ ገና እንዳያት ሣቀ። «ጉንዳን አይደለችም፣ ተርብ ናት። ክንፍ ያለው ወንዱ ነው፤ እሱ ደግሞ አይነድፍም» አለኝ። እመት ትርንጎ ስለ ጎጆዋ ያሉኝን ስነግረው ግን ሣቁን ትቶ ደብተር አወጣና ጻፈ።

ማታ ጠርሙሱን ለጎረቤት አሳየሁ። አያ ፈንታም «እሷው ናት!» አሉ። ወይዘሮ ዘውዴ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩና ቀና አሉ። «መንደፉንስ ነድፋዋለች። ማን ላካት?»

ዱላዎቹ እንደገና ተነሡ። ሕንዱ ይህን አላስተማረኝም።

አያ ፈንታ ያበጠ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አወጡ። «ማንም አልላካትም» አሉ። «መንገዷን ስትሄድ እጄን የላክሁባት እኔው ነኝ።»

ጎረምሶቹ እርስ በርስ ተያዩና አንድ በአንድ ወጡ።

አያ ፈንታ ሲሻላቸው ተመልሰው ወረዱ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ እመት ትርንጎም የጠበቁ አይመስለኝም። «እስቲ ያቺን አሳዪኝ» ብቻ ብለው ገደሉ ሥር እስከ ቀትር ተቀመጡ፤ ሁለቱንም እጆቻቸውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው።

ወይዘሮ ዘውዴስ? እሳቸውም አምነዋል። ነገሩ በተነሣ ቁጥር እንዲህ ይላሉ፦ «ትርንጎ ንጹሕ ናት፤ ያን ጊዜ እሷ አልነበረችም።»

ያን ጊዜ!