የመምህር ራን አርባ ሜትር

ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር የማይኖርበት ሕንፃ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጠቅልዬ እገባበታለሁ። ግን የለም። ለየሕንፃው አንድ አንድ ተመድቦልናል። ትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳቸውን ተቀብሎ ምላሳቸውን ለጎረቤት አስረክቧል።

የእኛው ክቡር መምህር ራን ሸንዋ ይባላሉ። በቻይናዋ ቾንግቺንግ ከተማ ውስጥ ገደል ላይ በተለጠፈ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ፣ ከእኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብለው ይኖራሉ። ሰላምታ አያውቁም። "ደህና አደሩ?" ስትሏቸው "ከምን አንጻር?" ይላሉ። ገበያው ሩቅ ነው ስትሉ "ከምን አንጻር?" ልጄ ረዘመ ስትሉ "ከምን አንጻር?" አንድ ቀን የጎረቤታችን አማች ሞተው ልናስተዛዝን ስንወጣ ደረጃ ላይ ሲያጋጥሙን፣ ሁላችንም በአንድ ላይ ዝም አልን፤ ዕድል ላለመስጠት።

ባለፈው በጋ አፌ አምልጦኝ "ዘንድሮስ ሙቀቱ አልተቻለም" አልኳቸው። ዘንቢሌን ከእጄ ወስደው መሬት አስቀመጡ። ይህ መጥፎ ምልክት ነው።

"እህት ፑ፣ የምታወሪው ስለ አየር ሁኔታ ነው ወይስ ስለ አየር ንብረት? የዛሬው የአየር ሁኔታ ነው። የአየር ንብረት ለማለት የሠላሳ ዓመት መረጃ ያስፈልጋል።"

"መምህር፣ እኔ የያዝኩት ቶፉ ነው፤ የአኩሪ አተር አይብ ሠላሳ ዓመት አይቆይም።"

"አንድ ደቂቃ ብቻ።"

ቶፉው ኮመጠጠ።

ምግብ ሲያዝዙማ አይጣል ነው። አድራሻ ሲጠየቁ ኬክሮስና ኬንትሮሳቸውን ይሰጣሉ። ኑድል የሚያደርሰው ሰውዬ ግራ ገብቶት ይደውላል፦ "መምህር፣ ስንተኛ ፎቅ ነው?" "ከየትኛው መንገድ ተቆጥሮ?" ይሉታል። የሚያናድደኝ ደግሞ ጥያቄው እብደት አለመሆኑ ነው። ሕንፃችን ሁለት በር አለው፤ አንዱ ከታች በወንዙ መንገድ በኩል ነው፣ ሌላው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሆኖ በድልድይ ወደ ላይኛው መንገድ ያወጣል። ለላይኛው መንገድ ሰው የእኛ ዘጠነኛ ፎቅ ምድር ቤት ነው። ሰውዬው ይህን ተምሮ እስኪጨርስ ኑድሉ አብጦ ገንፎ ይሆናል።

አንዴ እኔና ባሌ ስንጨቃጨቅ መምህሩ በመስኮት ቁልቁል ተጣሩ። "እህት ፑ፣ አንቺ የምታወሪው ስለ ዛሬው ሳህን ነው። እሱ የሚያወራው ስለ ትዳራችሁ ሁሉ ነው። የካርታችሁ ስኬል አይገጥምም።" ባሌ ሳቀ። ጭቅጭቁ ተበላሸ። እንደዚያ ያለ፣ እየረታሁ የነበረ ጭቅጭቅ በማበላሸታቸው እስከ ዛሬ ቂም ይዤባቸዋለሁ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው የሕንፃው አስተዳደር የዘጠነኛውን ፎቅ በር ሊዘጋ ሲነሳ የቀሩልን።

ድልድዩ ላይ ሻይ ቤት ሊከፈት ነው ተባለ፤ ገደሉን ከጀርባቸው አድርገው ፎቶ ለሚነሱ ጎብኚዎች። ከእኔ ፊት ለፊት፣ አሥረኛ ፎቅ ላይ፣ እማማ ሙ ይኖራሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ይሄዳሉ። አንድ ፎቅ ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው ላይኛው መንገድ ላይ አውቶቡስ ይይዛሉ። በሩ ከተዘጋ እስከ ታች ድረስ ወርደው፣ በገደሉ ደረጃ እንደገና ወደ ላይ መውጣት ሊኖርባቸው ነው። አሮጊት ደማቸውን ለማሳጠብ የሚወጡበትን በር ዘግቶ እዚያው ቦታ ላይ የአበባ ሻይ መሸጥ! ይህን ያሰበ ሰው ያን ዕለት ማታ ራቱን በልቶ ተኝቷል።

ስብሰባው እዚያው ድልድዩ ላይ ተደረገ። ፈቃዱን ከሚሰጠው ከአካባቢው ጽሕፈት ቤት የመጡት ወጣቱ ኃላፊ ዳይ ካርታ ዘርግተው ማስመሪያ አስቀመጡበት።

"ከታችኛው በር እስከ ፌርማታው አርባ ሜትር ነው" አሉ። "አርባ ሜትር ለማንም አይከብድም።"

ሁላችንም ወደ መምህር ራን ዞርን። በዕድሜያችን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲናገሩ ፈለግን። ከዋዜማው ጀምሬ ለምኛቸዋለሁ፦ "አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ መምህር። ካርታው ስህተት ነው ይበሉና ይቀመጡ።"

መነጽራቸውን አደረጉ። ካርታውን አዩ። ማስመሪያውን ትንሽ አቃኑት።

"ካርታው ልክ ነው" አሉ። "እንዲያውም ሠላሳ ዘጠኝ ነው።"

በዚያች ሰዓት ከድልድዩ ቁልቁል ብወረውራቸው የሚመሰክርብኝ ጎረቤት አልነበረም።

"ካርታ ከላይ ነው የሚያየው" ብለው ቀጠሉ። "ከላይ ሲታይ ገደል መስመር ነው። ኃላፊ፣ እርስዎ የለኩት የወፍን ርቀት ነው። እማማ ሙ ወፍ አይደሉም። የእግሩን ርቀት አብረን እንለካ።"

"አሁን?" ኃላፊ ዳይ የተወለወለ ጫማቸውን አዩ።

"ተማሪዎቼም እንዲሁ ነበር የሚሉኝ።"

"እኔም እመጣለሁ" አሉ እማማ ሙ ከተቀመጡበት። "የምትለኩት የእኔን እግር አይደለም እንዴ? ደግሞ ቢደክመኝ ይሄ ልጅ ጀርባ አለው።"

ወረድን። መምህሩ በየፎቁ እየቆሙ የከፍታ መስመር የት የት እንደሚያልፍ ያብራራሉ። ኃላፊ ዳይ ስልካቸውን ይነካካሉ። የገደሉን ደረጃ ስንጀምር ስልኩ ኪስ ገባ። ጥቂት እንደወጣን የእማማ ሙን ቦርሳ ተቀበሉ። ከዚያ ክራቫታቸውን አላሉ።

ከግማሽ በላይ ስንደርስ እማማ ሙ ቆሙ። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። "ትንሽ ልቀመጥ" አሉ። በድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

መምህሩ ላይ ጮህኩባቸው። "አንድ ነገር ለማስረዳት ሰው ይገድላሉ? ካርታው ስህተት ነው ማለት ይሄን ያህል ይከብዳል?"

እሳቸው ኮታቸውን አውልቀው እርጥቡ ድንጋይ ላይ አነጠፉ፤ እማማ ሙን ደግፈው አስቀመጡና ከወንዙ የሚመጣውን ንፋስ በጀርባቸው ከልለው ቆሙ። እኚህ ሰው ዝም ሲሉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደግሞም ደስ አላለኝም።

ኃላፊ ዳይ ወደ ላይ አዩ፤ ፌርማታው ገና አይታይም። ወደ ታች አዩ።

"በሩ አይዘጋም" አሉ ቀስ ብለው። "ሻይ ቤቱ ሌላ ቦታ ይፈልግ።"

የእማማ ሙ ትንፋሽ ተመልሶ ነበር። "እሰየው ልጄ። እኔ ግን አሁን ያለሁት መሃል ደረጃ ላይ ነው።"

ኃላፊው ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን ሰጡ።

በማግስቱ የእጥበት ቀን ነበር። እማማ ሙን ድልድዩን አሻግሬ መነሻ ፌርማታው ጋ ስንደርስ መምህር ራን ቀድመውናል። የእማማ ሙን ክርን ያዙ። "እማማ ሙ፣ ትናንት ያደረግነው በትምህርቱ ምን እንደሚባል ልንገርዎ። ሰው አካባቢውን ይለውጣል፤ አካባቢውም በተራው ሰውን..."

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። ቀጠሮው ገና ጊዜ ቢኖረውም፣ በቃ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"መምህር ራን ናቸው እንዴ? የትኛው ትምህርት ላይ ደረሱ?"

"ሰውና አካባቢው" አልኩት።

"እኛ ተማሪዎቻቸው ሳለን እዚያ አልደረስንም" አለ። "የሂሳቡ መምህር ክፍለ ጊዜያቸውን ይወስድባቸው ነበር፤ ጂኦግራፊ የት ያደርሳችኋል እያለ። እሳቸው ካርታቸውን ጠቅልለው ኮሪደር ላይ ሲቆሙ በመስኮት እናያቸዋለን።"

ሞተሩን አጠፋ።

መምህሩ ወንዙን እያሳዩ ነው፤ እማማ ሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከኋላ ወንበር አንድ ጎረምሳ "ኧረ ሰውዬው ይጨርስ፣ እንሂድ" አለ።

አንድ እግሬን አውቶቡሱ መወጣጫ ላይ አድርጌ ዞርኩበት።

"ዝም በል" አልኩት። "ክፍል ውስጥ ነን።"