የኦንላይን አገልግሎት አስፋፊ ኮሚቴና የወይዘሮ ውባንች ቬንትሌተር

ቀን፦ ሰኔ 30 ቀን 2014 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 3፡00
ቦታ፦ ገንዳ ውሃ፣ ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ከኦንላይን አገልግሎቱ ኮምፒውተር ክፍል ቀጥሎ ባለው አዳራሽ (አዳራሽ የተባለው ወንበር ስላለው ነው)

የተገኙ፦
1. አቶ ዋኘው፣ የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊና ሰብሳቢ
2. ሼህ ኸሊፋ፣ የአገር ሽማግሌ
3. ሰማኸኝ፣ የትራክተር ሹፌር
4. ወ/ሮ ውባንች፣ ባለ ሻይ ቤት
5. አንዱአምላክ፣ ጸሐፊ (እኔ፤ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ዲሽ ስለማስተካክል የኮምፒውተር ባለሙያ የተባልኩ)

አራት አባላት ሰሊጥ ሊያዘሩ ስለወረዱ ምልዓተ ጉባኤው እንደተሟላ ተቆጥሮ ታለፈ።

አጀንዳ 1፦ ሕዝቡን ወደ ኦንላይን አገልግሎት የሳበው ምንድን ነው?

ጸሐፊው የኮምፒውተሩ ክፍል በተገልጋይ የሚጨናነቀው እሱ በሰጠው ትምህርት መሆኑን በሰፊው አስረድቶ ጭብጨባ ጠበቀ። ሼህ ኸሊፋ፣ «ልጄ፣ እኛ የምንመጣው ለቬንትሌተሩ ነው። በዚህ ሐሩር የት እንሂድ?» የሚል አስተያየት ሰጡ። ወ/ሮ ውባንችም ቬንትሌተሩ ኮምፒውተሩ በሙቀት እንዳይጠፋ ከሻይ ቤታቸው ያዋሱት መሆኑን አስታወሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ የሕዝቡ ፍላጎት ከፍተኛ መሆኑ ተረጋገጠ። የምን ፍላጎት እንደሆነ እንዳይጻፍ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ሙቀት

ቬንትሌተሩ ለጊዜው ወደ አዳራሹ እንዲመጣ በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። የተቃወሙት ባለንብረቷ ናቸው። ጸሐፊው ተሸክሞ አመጣው። ወዲያው ኮምፒውተሩ ጠፋ፤ ወ/ሮ ውባንች ከጠዋት ጀምረው ያስሞሉት የንግድ ፈቃድ ማደሻ ቅጽም አብሮ ሄደ።

ወ/ሮ ውባንች፣ «የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው! ካልታደሰልኝ ነገ ሻይ ቤቴ ይታሸጋል! አንተ ዲሽ ጠጋኝ፣ መልስልኝ!» ሲሉ በትሕትና ጠየቁ።

ሰማኸኝ ትራክተር ሲግል ራዲያተሩ ላይ ውሃ እንደሚጨመር ጠቅሶ ኮምፒውተሩ ላይም ይጨመር አለ፤ በጠባብ ድምፅ ወደቀ። በምትኩ ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው መዝገብ ኮምፒውተሩን እንዲያራግብ ተወሰነ። በዚህ ምክንያት ቀጥሎ የተደረገው ክርክር አልተመዘገበም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ኮምፒውተሩ ተነሥቶ የወ/ሮ ውባንችን ስም እንደ አዲስ ጠየቀ። እሳቸው አዳራሹ ገብተው ቬንትሌተሩን ነቀሉ። ቤቱ ጋለ። ሰብሳቢው ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ኧረ እትዬ ውባንች፣ እንነጋገር እንጂ» ቢሉ፣ «ተነጋግረናል፤ ፈርሙ!» ተባሉ። አቶ ዋኘው ፈቃዱን በእጃቸው አድሰው ማኅተም መቱበት። ሼህ ኸሊፋ፣ «ይኸው ኦንላይኑ ሠራ» አሉ።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ሕዝቡን ወደ ኮምፒውተሩ መጥራት ቀርቶ ቬንትሌተሩ ወደ ወ/ሮ ውባንች ሻይ ቤት ስለተመለሰ ኮምፒውተሩም ሕዝቡ ወዳለበት ወደዚያው ይሂድ። ተሸካሚ፦ ጸሐፊው።

ጉባኤው 6፡20 ላይ ተነሣ ተብሎ ይመዝገብ እንጂ፣ አባላቱ ቬንትሌተሩን ተከትለው ከወጡ ቆይተዋል። እኔ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ስደርስ የሁሉም ሻይ ቀርቧል። ወ/ሮ ውባንች ቀና ብለው አዩኝ፦ «ዲሽ ጠጋኝ፣ ከፊት ዘወር በል፤ ነፋሱን ጋረድኸው!»