ባላምባራስ ረታ በመቐለ ዕቃ ቤት የጌታ ወንበር እንዳነሡ

ዘመናትን ለሚያፈራርቅ አምላክ ስብሐት ይሁንና፣ ጣሊያን ከመቐለ በወጣ በሁለተኛው፣ ባላምባራስ ረታ ጥቁሩን ጫማ በገዙ በሦስተኛው፣ የፊት ጥርሳቸው በወለቀ በሰባተኛው ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ጥር፣ በዕለተ ሰንበት የሆነውን ለትውልድ እንጽፋለን።

እኒህ ባላምባራስ በትውልድ ሸዋ፣ በኑሮ መቐለ፣ የጨው ገበያ ዓምድ፣ በክርክር ነጎድጓድ፣ በማዕድ ትዕግሥተኛ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አያልነሽ በቀር ፍጡርን የማይፈሩ ነበሩ። ልጃቸው ደመላሽም እማዋይሽ የተባለችውን ደርባባ ልጅ ተመኝቶ እህል አልበላ ቢል፣ ባላምባራስ ሽማግሌ ላኩ። የልጅቱ እናት ወይዘሮ አስካለማርያም ግን በታላላቅ ጌቶች ግቢ ያደጉ፣ የግቢንም ሥርዓት እንደ ዳዊት የሚደግሙ ነበሩና፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ይህን አዋጅ አወጁ፦

«እኔ ሀብት አልጠይቅም፤ ሥርዓት እጠይቃለሁ። እሑድ ወደ ጥንት ዕቃ ቤት እንሄዳለን። ባላምባራስ በጌቶች ዕቃ ፊት እንዴት እንደሚቆሙ በዓይኔ ልይ። ካማሩኝ ልጄ ልጃቸው ናት። ካላማሩኝ ደመላሽ ሌላ በር ያንኳኳ።»

የጥንት ዕቃ ቤት የተባለውም አንድ ሹም የቀድሞ ሰዎችን ዕቃ ሰብስቦ፣ ሕዝብ በየሰንበቱ እንዲያይ የከፈተው የድንጋይ ቤት ነው፤ የተማሩት ቤተ መዘክር ይሉታል።

ባላምባራስም በዚያ ጧት ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ከማኅበራቸው ጽዋ ተቀምጠው፣ ስዋ የሚባለው የአገሩ ጠላ በቀረበላቸው ቁጥር እምቢ ማለት ነውር ነውና እምቢ ሳይሉ፣ ሲሞላላቸው እየጨለጡ፣ ሲጨልጡም እየተሞላላቸው ቆይተው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጃንጥላ አስይዘው ዘመቱ። በቀኛቸው የነፍስ አባታቸው፣ በግራቸው የወሎው ጨው ነጋዴ ሸረፈዲን፣ ከፊታቸው ወይዘሮ አስካለማርያም ከነደንገጡራቸው፣ ከኋላቸው የማኅበሩ ሰዎች፣ ከእነርሱም ኋላ ሥራ ፈት ሁሉ፣ በመጨረሻም ጌታው ያልታወቀ አንድ ውሻ ተከተሉ።

ገብተውም በመጀመሪያው ክፍል ጋሻና ልጓም፣ በሁለተኛው ቀንደ መለከትና በመስታወት ሣጥን የተቀመጠ የአፋር ጨው አዩ። ሸረፈዲንም በታላቅ ድምፅ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ጨው ምን በድሎ ታሰረ? እኔ ቤት ያለ ዋስ የተፈታ ሞልቷል፤ መጥታችሁ እዩ።» ሕዝቡም ሳቀ፤ ባላምባራስ ግን ሳቅ ሆዳቸውን ስለ ነካው አልሳቁም፤ የጧቱ ስዋ መውጫ መጠየቅ ጀምሮ ነበርና።

በሦስተኛው ክፍል፣ ብርሃኑ ደብዛዛ በሆነበት፣ የአንድ የቀድሞ ጌታ ወንበር ቆሞ፣ በላዩ በወርቅ ጥልፍ ያጌጠ ካባ ለብሶ፣ ከካባውም በላይ ጎፈር ተደፍቶ፣ ጌታው ራሳቸው የተቀመጡ ይመስል ነበር። ወይዘሮ አስካለማርያም ይህን ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን አደግድገው እጅ ነሡ፤ እርሳቸውን አይቶም ሕዝቡ ሁሉ አደግድጎ እጅ ነሣ። በግቢ ሥርዓት ደግሞ ከጌታ ፊት የቆመ ሰው፣ አጋፋሪ ካላሰናበተው ወይም ጌታው ተነሥተው እልፍኝ ካልገቡ፣ አይወጣም። አጋፋሪ የለም፤ ወንበሩም አይነሣም። ስለዚህ የገባው ሳይወጣ፣ ያልገባውም እየገባ፣ ክፍሉ ሰው በሰው ሆነ።

የቤቱ ዘበኛ ጀይሉ በደጅ ቆሞ «ያየ ይውጣ፤ ያላየ ይግባ» ብሎ ቢያውጅ፣ ወይዘሮ አስካለማርያም ዞር ሳይሉ ይህን አዋጅ መለሱ፦ «ዘበኛ ነህ እንጂ አጋፋሪ አይደለህም፤ አርፈህ በርህን ጠብቅ።»

ወእምዝ በባላምባራስ ላይ ጭንቅ ጸና። ቢወጡ ሥርዓት የማያውቅ ይባላሉ፤ ደመላሽም ሚስት አያገኝም። ቢቆዩ ደግሞ ብዕራችን ሊጽፈው የማይደፍረው ነገር በአማቻቸው ፊት ይሆናል። ግንባራቸውን አላባቸው፤ ጉልበታቸው ከጉልበታቸው ተጣበቀ፤ ወይዘሮ አስካለማርያምም በዓይናቸው ጠርዝ መረመሯቸው። በዚያች ሰዓት ከላይ ጥበብ ወረደችላቸውና፣ ወደ ፊት ወጥተው፣ ወንበሩን ከነካባው ከነጎፈሩ ተሸክመው አወጁ፦ «ጌታችን ወደ እልፍኝ ሊገቡ ተነሥተዋል። መንገድ ልቀቁ።»

ጀይሉ «ዕቃ መንካት ክልክል ነው» ብሎ ቢያውጅ፣ «እኔ ዕቃ አልነካሁም፤ ጌታዬን አጅቤአለሁ» ብለው በአዋጅ ላይ አዋጅ ጥለውበት አለፉ።

ነገር ግን የተነሣ ጌታን ማጀብ ሥርዓት ነውና ሕዝቡ ሁሉ ተከተለ። ባላምባራስ ቢፈጥኑ ፈጠነ፤ ግንቡን ቢዞሩ ዞረ፤ ውሻውም ዞረ። ከቤቱ ጀርባ ከቁልቋሉ ሥር ሲደርሱ ኃይላቸው አለቀ፤ ጥበባቸው ግን አላለቀችምና፣ ታላቅ ሰው ሲበላ ዓይን እንዳያየው የመጋረድን ልማድ አስበው አወጁ፦ «ጌታችን ከዚህ ማዕድ ሊቀርቡ ነው። መጋረጃ ያዙ፤ ፊታችሁን አዙሩ።»

ሕዝቡም ጀርባውን ሰጥቶ ጋቢውንና ነጠላውን ዘርግቶ ዙሪያውን ከበበ፤ የቅርቡን መጋረጃ ወይዘሮ አስካለማርያም ያዙ። ባላምባራስም በመካከል ብቻቸውን ከወንበሩ ጋር ቀሩ፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ አክብሮታቸው አልጎደለምና፣ አስቀድመው ወንበሩን ፊቱን ወደ ተራራው አዞሩት። ከዚያም ከበባው ተሰበረ፤ ድምፁም እንደ ክረምት ጎርፍ ሆኖ እስከ ኋለኛው ሰልፍ ተሰማ።

ጀይሉ አፉን ሲከፍት፣ የአንድ ቤት ክብር በአንድ ቃል ሊወድቅ ሲል፣ ወይዘሮ አስካለማርያም መጋረጃቸውን ከፍ አድርገው ይህን አዋጅ ተናገሩ፦ «ጌታችን እጃቸውን እየታጠቡ ነው።»

ጀይሉም «እጅ መታጠቡስ ረዘመ» አለ።

«ታላቅ ሰው በጥቂት ውሃ አይታጠብም» ሲሉ ወይዘሮዋ አተሙበት።

መጋረጃውም በተገለጠ ጊዜ፣ ወይዘሮዋ ወንበሩ ወደ ተራራው መዞሩን አዩ፤ አይተውም ለባላምባራስ ብቻ እንዲሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «ሐወይ፣ ወንድሜ ባላምባራስ፣ ብዙ ሹም አይቻለሁ፤ እንዲህ ተጨንቆ ሳለ እንኳ የጌታውን ዓይን የሚጠብቅ ግን አላየሁም። ሽማግሌዎቹን ረቡዕ ይላኩ። ልጄ ልጅዎ ናት።»

እንግዲህ ሌሎች ከተማ ከበው ስም ያገኙ ዘንድ ይችላሉ፤ ባላምባራስ ረታ ግን በወዳጅ ተከበው፣ ከውስጥም ከውጭም ተጨንቀው፣ ጌታቸውን ሳያሳፍሩ፣ ልጃቸውን ድረው፣ ጥቁሩን ጫማ እንኳ ሳያርሱ ወጥተዋል። ክብር ለትዕግሥታቸው፣ ክብር ለጥበባቸው፣ መጋረጃ ለያዘችውም እጅ ከሁሉ የበለጠ ክብር ይሁን፤ ለዓለመ ዓለም አሜን።